ጣራ ላይ ያልወጣሁባቸው ቀናት

የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2006 በሊባኖሱ ጦርነት ሰሞን፣ ለሃያ አምስት ቀን ከቤይሩቷ ሰፈር ከአሽራፊዬ ጣራዎች በላይ የነበረው አየር ምን ያህል ጭስ ይዞ ነበር? ማንን ብጠይቅ ይመልስልኛል? ማወቅ እችል የነበርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ በእነዚያ ቀናት ጣራው ላይ ሳይሆን ኩሽና ውስጥ፣ ጠረጴዛ ሥር፣ ጉልበቴን ታቅፌ ነበር።

ይኼን ያህል ዓመት ረስቼው ኖሬ፣ ዘንድሮ በልጅ ልጄ እንጀራ ላይ መጣብኝ።

የምኖረው ዓይን ኤል ረማነህ ነው፣ ከልጅ ልጄ ከፅዮን ጋር። ቤታችን ሁለት ክፍል፣ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ የሰፈሩ የመብራት ሞተር ሲነሳ ብቻ ነው የሚሠራው። እናቷ እመቤት ዱባይ ናት። ፅዮን እዚሁ ቤይሩት ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሞላት። ትምህርቷን ስትጨርስ የተማሪነት ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ወረቀቷ ማለቴ ነው፣ አብሮ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ከቤት ወጥታ እስክትመለስ ድረስ ከመስኮት አልጠፋም። ስልኳ ካልተነሳ ፍተሻ ላይ የያዟት ይመስለኛል። ከተነሳም ቶሎ ዘጋችው ብዬ እጨነቃለሁ።

ባዳሮ ያለ አንድ የአየር ጥናት ቢሮ ለሦስት ወር ሙከራ ወሰዳት። ሥራዋ ከተወደደ ቋሚ ውል ይሰጧታል፤ ከውሉ ጋር በራሷ ስም ኢቃማ ይወጣላታል። ካልተወደደ መሄድ ነው። ወዴት? አዲስ አበባን እንደሆነ የምታውቀው በስልክ ነው።

ሥራዋን በገባኝ መጠን ልናገር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ከመኪና፣ ከሞተር፣ ከእኛም ትንፋሽ የሚወጣ ጋዝ አለ። በዚህ አገር ባለፉት ዓመታት የለኩት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ በደብተር፣ አንዱ በአሮጌ ኮምፒውተር ትቶታል። እሷ ይኼን ሁሉ ለቅማ ካርታ ያለው የመረጃ ቋት ውስጥ ታስገባለች። እያንዳንዱ ቁጥር ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ፣ ከነቦታው ይገባል። ካርታው ላይ አንዷን ነጥብ ስትነኪ፣ በዚያ ቦታ፣ በዚያ ቀን አየሩ እንዴት እንደነበር ይነግርሻል። ሙታን ሲመሰክሩ ማለት ነው፣ አልኳት መጀመሪያ ስታሳየኝ። ሳቀችብኝ።

ቢሮው ከሁሉም የወደደላት የሚስተሬን ደብተሮች ነው። ሚስተሬ የምለው አሽራፊዬ ብዙ ዓመት የሠራሁለትን ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ፣ ሚስቱ፣ ማዳሜ፣ ከሞተች በኋላ ከመጻሕፍቱና ከእኔ ጋር የቀረ። ጡረታ ሲወጣ ጣራው ላይ መለኪያ አስተከለ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይና ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ በደብተር ይጽፋል። በ2004 ጉልበቱ እምቢ ሲለው፣ ቀፀላ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ውጪልኝ አለኝ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፣ ቁጥር አይከብደኝም። ደስም አለኝ። መጥረጊያ ሳልይዝ የምወጣበት ጣራ ያ ብቻ ነበር። እስከ 2011 ድረስ፣ እሱ እስኪሞት፣ ሰባት ዓመት ወጣሁ። ከወደቡ ፍንዳታ በኋላ ሴት ልጁ የተሰባበረውን ቤት ስታጸዳ ደብተሮቹን በካርቶን ሰጠችኝ፤ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኳቸው።

ፅዮን ማስገባት የጀመረችው ኩሽና ጠረጴዛችን ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን የቦታውን ወርድና ቁመት ቁጥሮች አቀያይራ የሚስተሬ ቤት ከቆጵሮስ ወዲያ ባሕር ውስጥ ገባ። እኔ ደነገጥኩ፣ እሷ ሳቀች፣ በአንድ ደቂቃ መልሳ አሽራፊዬ አስቀመጠችው። ቀጥሎ የመጣው ግን ሦስት ቀን አስጨነቃት። ቁጥሮቹ እስከ 2004 ድረስ ደህና ይሄዱና ከዚያ ወዲያ ይናወጣሉ። የጠዋቱ የመኪና ጭስ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ይመጣል። አለቃዋ ሙሲዩ ሱሩር፣ መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ጣይው ብሏታል። ብትጥለው ሥራዋ ግማሽ ሊሆን ነው።

«ቴታ» አለችኝ በመጨረሻ፤ እዚህ ልጆች አያታቸውን እንደዚያ ነው የሚጠሩት። «ሚስተርሽ ሌሊት አንድ ሰዓት ላይ ጣራ ላይ ምን ይሠራ ነበር?»

«ሌሊት? ጠዋት ነው እንጂ አንድ ሰዓት። ፀሐይ ወጥታ። ደግሞ እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ።»

ክንዴን ያዘችና የእጅ ሰዓቴን አገላበጠች። ሰዓቴ እስከ ዛሬ በአገር ቤት አቆጣጠር ነው የሚሄደው፤ እንዳየሁት ነው የጻፍኩት። ሚስተሬ ያውቅ ነበር። በጭንቅላቱ እያስተካከለ ያነበው ነበር እንጂ የትም አልጻፈውም። ኮምፒውተሩ ግን የእኔን አንድ ሰዓት ሌሊት፣ ስምንቱን ጠዋት አድርጎ ወስዶታል። በብርዱ ወራት ደግሞ አገሩ ሰዓቱን ወደ ኋላ ስለሚመልስ ሁለትና ዘጠኝ ብዬ ነበር የጻፍኩት። በሙቀቱ ወራት ስድስት ሰዓት፣ በብርዱ ወራት አምስት ሰዓት ስትጨምርበት ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ።

«ሰባት ዓመት ሙሉ ቤይሩትን በአዲስ አበባ ሰዓት ስታስተነፍሻት ኖረሻል» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

ለአለቃዋ ደወለች። በአረብኛውም በፈረንሳይኛውም እየሳቀች ነገረችው፤ እሱም ሲስቅ ይሰማኛል። ከስልኩ በኋላ የለካው ሰው በሚለው ዓምድ ላይ ስሜን አስገባች። ቀፀላ ተሾመ፣ ቀፀላ ተሾመ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከአምስት ሺህ መስመር በላይ። በዚህ አገር ስሜ የሚገኘው ፓስፖርቴ ላይና ኢቃማዬ ላይ ነው፤ ኢቃማው ላይ እንኳ የአሠሪዬ ስም አብሮት አለ። መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ አየሁት። ብቻዬን ነበርኩ፣ ማለቴ ስሜ ብቻውን ነበር።

ደስታዬ እስከ ሰኞ ነው የቆየው።

ሰኞ ከቢሮ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ወሬውን ጀመረች። ሙሲዩ ሱሩር የ2006ቱን ጁላይ አይቶታል። በዚያ ጦርነት በከተማው ውስጥ በየቀኑ የለካ ሌላ ሰው አላገኘም። ሐሙስ ከውጭ ለሚመጡ እንግዶች ሊያሳየው ነው፤ የምታቀርበውም ፅዮን ራሷ ናት። ያኒ ውሉን ሰጡኝ ማለት ነው፣ አለችኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍታ መስመሩን በጣቷ አሳየችኝ። ጦርነቱ በተጀመረ ሳምንት ቁጥሩ ይወርዳል፤ መኪና ስለጠፋ። ከጁላይ ሃያ ጀምሮ ግን ተመልሶ ይወጣል፤ እስከ ኦገስት አሥራ ሦስት እዚያው ላይ ነው። በማግሥቱ ተኩሱ ቆመ።

«በዚያ ሰሞን መኪናው ተመልሶ ነበር እንዴ፣ ቴታ?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። ያን ጊዜ ሚስተሬ ልጁ ዘንድ ፈረንሳይ ሄዶ አየር ማረፊያው ተዘግቶበት ቀርቷል። እኔ ብቻዬን ነኝ ቤቱ ውስጥ። በስልክ፣ ቀፀላ፣ ከቻልሽ መለካቱን አታቋርጪ ብሎኛል። ከቻልሽ ነው ያለው፤ ግዴታ አላለኝም። የመጀመሪያውን ሳምንት ቻልኩ። ደረጃውን በሩጫ ወጥቼ፣ አንብቤ፣ በሩጫ እወርዳለሁ። ከዚያ አንድ ቀን በሰፈራችን ቆሞ የነበረ መኪና ተመታ። መስታወቱ ሁሉ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ እግሬ ወደ ደረጃው አልሄድ አለኝ። በማግሥቱ ደብተሩን ከፈትኩ፣ ባዶ መስመር አየሁ፣ ሚስተሬን አሰብኩ። የጁንን ገጽ ገለጥኩና የጁን አንድን ቁጥር ጁላይ ሃያ ላይ ጻፍኩት። እንዳይታወቅብኝ አንድ ጨመርኩበት። የጁን ሁለትን በማግሥቱ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሃያ አምስት ቀን። ሚስተሬ ሲመጣ ደብተሩን አይቶ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እጄን ጨብጦ ጀግና ነሽ አለኝ። እንዴት ብዬ ልንገረው?

ጁን ላይ ደግሞ ከተማው መኪና በመኪና ነበር።

ለፅዮን ግን ይኼን አላልኳትም። «መኪና እንኳን የለም፣ ሞተር ነው» አልኳት። «መብራት ስለጠፋ በየሕንጻው ሞተር ይሠራ ነበር።» አፌ እንዴት እንደፈጠነ እኔንም ገረመኝ።

ፅዮን ብድግ አለች። ሞተር፣ እንዴት አላሰብኩትም፣ እያለች ለሙሲዩ ሱሩር ጻፈች። እሱም ወዲያው መለሰላት። መኪናው ቢቆምም ሞተሩ አየሩን መልሶ እንደሞላው፣ ይኼንንም የለካችው ሴት በሕይወት ኖራ እንደመሰከረች፣ የሐሙሱ ንግግር ዋና ነገር ይሁን አለ።

በዚያ ቀን እራት አልበላሁም። ጥርሴን አሞኛል አልኩ።

ማክሰኞ ሚሚ ጋ ወረድኩ። ሚሚ ሦስተኛ ፎቅ ናት፤ ሃያ ዓመት ያወቅኋት፣ ጴንጤ፣ አፏ የማይያዝ፣ ልቧ ግን የሚያምኑት። ማሉኺያ ቅጠል እየቀነጠበች ነበር፤ እኔም እየቀነጠብኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ስጨርስ ሳቋ መጣ፣ አፏን በክንዷ ሸፈነች።

«አየር እኮ ነው፣ ቀፀላዬ። ነፍሶ አልፏል። ማን ተመልሶ ሊለካው ነው?»

ማንም አልኳት። እሱ ነው የጨነቀኝ፤ ማንም ተመልሶ ሊለካው ስለማይችል የእኔን አምነው ይቀመጣሉ።

«ታዲያ ይቀመጡ። ልጅቷ ወረቀቷን ትያዝ፣ ኸላስ። ቦምብ ሲወርድ ጣራ ላይ አልወጣችም ብሎ የሚፈርድብሽ ካለ ያላ እሱ ይውጣ።» ቅጠሉን ትታ አየችኝ። «ለንስሐ አባትሽ ነግረሽው ታውቂያለሽ?»

ኃጢአት መሆኑን አላውቅም ነበር፣ አልኩ። እውነቴን ነው። ማዳሜን በልቤ የረገምኩትን፣ ጾም የገደፍኩትን፣ ሁሉን ተናዝዣለሁ፤ ይኼ ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ሚሚ ቅጠሏን መልሳ አነሳችና፣ ብትነግሪያት ቢሮው የቀረውንም አያምንሽም፣ የቤት ሠራተኛ የጻፈችው ቁጥር ነው ብለው አምስት ሺሁንም ይጥሉታል፣ ልጅቷም ከነሻንጣዋ ትሄድልሻለች አለች። ይኼን ስትል አልሳቀችም። እኔም ያሰብኩት ይኼንኑ ነበር። ደረጃውን ስወጣ ዝም እላለሁ ብዬ ቆርጬ ነው የወጣሁት።

ረቡዕ ፅዮን ንግግሩን ተለማመደች። እኔን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ፣ እንግዶቹ እንደሆንኩ አድርጋ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ። በፈረንሳይኛ ነው፤ ብዙውን እሰማለሁ፣ ማዳሜ ቤት የሰማሁት ይበቃኛል። ጣቷን ወደ መስመሩ ዘርግታ ሞተር አለች፣ ከዚያም አያቴ አለች። ሁለት ጊዜ። አያቴ የሚለውን ስትናገር ድምፅዋ ይለወጣል። ቢሮው ይኼን በጽሑፍ ሊያሳትመው ነው፣ ሌሎች አገሮችም ከዚህ ተነስተው ያሰላሉ፣ አለችኝ ስትጨርስ፤ የሷም ስም ከላይ ይኖራል።

እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ነው አልኩ። ኮሌታሽን አስተካክይ አልኩ። ውሃ ጠጪ አልኩ።

አንድ ቀን አንድ የተማረ ሰው፣ የትም አገር ተቀምጦ፣ የጁንን ገጽና የጁላይን ገጽ ጎን ለጎን ቢያደርግስ? ያኔ እኔ ላልኖር እችላለሁ። ስሟ ግን ከላይ ይኖራል። ያን ጊዜ ማን ይጠየቃል? ይኼን እያሰብኩ ሳገላብጥ ሐሙስ ነጋ።

ፅዮን ሸሚዟን ተኩሳ ለብሳ፣ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ የመጨረሻውን ታያለች። ፉሉን አቅርቤላታለሁ፣ አልነካችውም። ስብሰባው ሊጀመር አንድ ሰዓት ተኩል ይቀረዋል። እጄን በቀሚሴ ላይ ጠረግሁ፤ እርጥብ አልነበረም።

«ፅዮኔ» አልኩ። «የጁንን ገጽና የጁላይን ገጽ ጎን ለጎን አድርጊልኝ።»

«አሁን? ለምን?»

«አድርጊያቸው፣ ልጄ። ከጁን አንድ ጀምሪ። በዚያኛው ከጁላይ ሃያ።»

አደረገች። ጁን አንድ ጠዋት አራት መቶ አሥራ ሁለት፤ ጁላይ ሃያ ጠዋት አራት መቶ አሥራ ሦስት። ከሰዓት ሦስት መቶ ዘጠና አንድ፤ ሦስት መቶ ዘጠና ሁለት። ጁን ሁለት፣ ጁላይ ሃያ አንድ። ጣቷ ወደ ታች ወረደ። አምስተኛው መስመር ላይ ቀስ አለ፣ አሥረኛው ላይ ቆመ።

ያኔ ነገርኳት። መኪናውን፣ ደረጃውን፣ ኩሽናውን። አላለቀስኩም፤ ብታለቅሺ ታጽናናሻለች፣ ያ ደግሞ ማታለል ነው ብዬ ራሴን ያዝኩ።

«ሁሉም?» አለች።

«ሃያ አምስቱም ቀን። ጠዋቱም ከሰዓቱም።»

«ሞተሩስ?»

«ነዳጅ ከየት መጥቶ? ጥቂት ቤት ካልሆነ የሚሠራ ሞተር አልነበረም። ከተማው ጭጭ ብሎ ነበር፣ ፅዮኔ። ያን ለማለት ነው ሰኞ የፈራሁት።»

ግድግዳውን አየች። የማውቃት ልጅ ብትሆን ትጮህብኝ ነበር፤ ስትቆጣ እንደ እናቷ ነው፣ ቶሎ ጮኻ ቶሎ ትረሳለች። አሁን ግን ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ሌላ ያልወጣሽበት ቀን አለ?»

«የለም። በብርዱ ወጥቻለሁ፣ ታምሜ ወጥቻለሁ። ከእነዚያ ሌላ አንድም ቀን የለም።»

«እንዴት ልመንሽ፣ ቴታ?»

በምን ልማልላት? ደብተሮቹ እነሱው ናቸው፣ እጄም ያው እጄ ነው፤ እውነተኛውንም ውሸቱንም በአንድ እስክሪብቶ ነው የጻፍኩት።

ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች። ትሰርዛቸዋለች ብዬ ነበር፤ አልሰረዘቻቸውም። ሃምሳውን መስመር ለይታ ከቁጥሮቹ አጠገብ ባለው ባዶ ዓምድ አንድ ቃል ጻፈች፤ ቃሉ ሃምሳ ጊዜ ወረደ። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። አልተለካም የሚል ይመስለኛል። ካርታው ላይ የአሽራፊዬዋ ነጥብ ለእነዚያ ቀናት ግራጫ ሆነች። ከዚያ ንግግሯን ከፈተችና ሞተር የሚሉትን ሁለት ገጾች፣ ከነሥዕሉ፣ ከነስሜ፣ አወጣቻቸው። ስድስት ገጽ የነበረው አራት ቀረ። የቀረው አራት ለአንድ ውል ይበቃ እንደሆነ እኔ ምን አውቃለሁ።

ስልኳ ጮኸ። ሙሲዩ ሱሩር ነው፤ ስሙን አየሁት። አላነሳችውም። ፊት ለፊት ልትነግረው ነው ብዬ ገመትኩ፣ ወይም ላትነግረው፣ ወይም ምን እንደምትለው ገና አላወቀችም።

ወሬ አበዛሁ። ጃኬት ያዢ፣ ቢሮው ውስጥ ይበርዳል። በቫን አትሂጂ፣ ፍተሻ ይበዛዋል፣ ሰርቪስ ታክሲ ያዢ። ከጠየቀሽ አያቴ ናት ያታለለችኝ በይው፣ አሮጊት ናት በይው፣ ከፈለገ እኔ ራሴ መጥቼ እነግረዋለሁ፣ ባዳሮን አውቀዋለሁ። ፉሉ ቀዘቀዘ፣ አንዴ ጉረሺ። ፅዮኔ። የኔ እናት።

ኮምፒውተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ጫማዋን አሠረች፤ አንዱን ሁለት ጊዜ ፈትታ አሠረችው። ሊፍቱን የምትጠብቅ መስሎኝ በሩ ድረስ ተከተልኳት። ቀና ብላ አላየችኝም፣ ደህና ዋይም አላለችኝ። በሩን ከፍታ ወጣች፣ ቀስ አድርጋ ከኋላዋ ዘጋችው፣ በደረጃው ወረደች።